ናሙና

ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ደረጃውን ሲወርዱ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች፤
ዝናብ በጣለ ቁጥር ከደንበኛ አስቀድማ ውሃ ታስተናግዳለች።
እዚያ ነው የምሰፋው።

አቶ ሸዋንግዛው በዓመት አንዴ፣ ለእንቁጣጣሽ ይመጣሉ፤
አንድ ሱሪ፣ ግራጫ፣ «እንደ አምናው» ይላሉ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማህተም የመቱ ሰው ናቸው፤
ዛሬም ጠረጴዛ ካየ አያርፍም ጣታቸው።

ጫማ አውልቀው ቆሙ፣ የሱሪው እግር እንዲለካ፤
እኔ ተንበርክኬ፣ ስፒል በጥርሴ ይዤ፣
የቀኝ ካልሲያቸው ተረከዙ ጋ ተቀዶ ኖሯል ለካ።

በዚያ ቀዳዳ አየኋት።
አምና ኑግ ታክል ነበር፤ የስፒል ራስ መስላኝ
ልለቅማት እጄን ሰድጄ፣ ገላ ብትሆን አሳቀኝ፤
እሳቸውም ሳቁ፣ «ማርያም ስማኝ ነው» አሉኝ።

ዘንድሮ የኮት ቁልፍ አክላለች።

ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርቱንም ከስምንተኛ አላለፍኩ፤
ግን ጨርቅ አውቃለሁ፣ በጨርቅ ዓይን አየሁና ደነገጥኩ።
ሸሚዝ ሲቆረጥ አጥፈን እናያለን፣ ቀኙ ከግራው እንዲገጥም፤
ያቺን በልቤ አጠፍኳት፤ ግማሿ ለግማሿ አይሆንም።
ጠርዟ በደነዘ መቀስ በችኮላ የተቆረጠ፣
እንዳልዘመዘሙት ጨርቅ ክሩ በየፊናው ያመለጠ።
ማቅለሚያውም እኩል አልያዛትም፤
ጥቁር ነች ስል ቡኒ፣ ጥጓ ጋ ሰማያዊ፣ ዓይኔ ሥር አትረጋም።
ሜትሬን ጠጋ አደረግኩ፣ ቁመት የምለካ መስዬ፤
ስምንት ሚሊ። ደግሜ ለካሁ፣ ተሳስቼ እንደሆን ብዬ።

«ጫማው ነክቶት ነው» አሉ፣ «ደግሞም እኮ አያመኝም።»
አለማመም ዋስ አይሆንም ልል ነበር፤
አፌ ስፒል ሞልቶት አልተናገርኩም።

ያኔ ወርቅያንጥፉ ትዝ አለችኝ። ባንድ መኪና ስንሰፋ፣
ከአውራ ጣቷ ጥፍር ሥር ጥቁር መስመር፣ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ቀስ ብሎ ሲሰፋ።
«መርፌ ወግቶኝ ነው» አለች። «ጥፍሩ ሲያድግ ይሄዳል» አልኳት።
ሁለት ክረምት እንዲህ አልን።
በሦስተኛው መግነዟን ቆረጥኩላት።

ስፒሎቹን አንድ ባንድ ከጥርሴ አወጣሁ።
«ጋሼ» አልኩ፣ «ማርያም የሳመችው በሳመችበት ልክ ይቀራል፤
እሷ አንዴ ስማ ትሄዳለች። ይሄኛው ግን ያድጋል።
ጥቁር አንበሳ ሩቅ አይደለም፤ ለቆዳ ሐኪም ያሳዩልኝ፤
ካልሄዱ ሱሪውን አልሰጥም፣ ፖሊስም ቢመጣብኝ።»

ጣታቸው ጠረጴዛውን መታ። አንዴ። ሁለቴ። ዝም አለ።
ተቀምጠው ተረከዛቸውን እንደ ፖስታ ገለበጡት፤
መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ብዙ አዩት።
«ይሄማ» አሉ፣ «ቀለሙ የፈሰሰ ማህተም ነው።
እኛ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ አናሳልፍም ነበር።»

ሐሙስ ተመለሱ፣ እያነከሱ፣ ተረከዛቸው በፋሻ ተጠቅልሎ።
«ናሙና ወሰዱ፣ ልክ እንዳንቺ፣ ቅንጣቢ። ሦስት ሳምንት ጠብቅ» ተባልኩ አሉ።
ናሙና!
እኔ መርካቶ ጣቃ ሳልገዛ የማስቆርጣት፣
ቀለሟ ይለቅ እንደሆን፣ ትሸበሸብ እንደሆን፣ ቤት ወስጄ የማጥባት።
ነጋዴው ሁልጊዜ ይቆጣል፣ «አታምኚኝም?» ይላል።
አምናለሁ። ግን አጥባለሁ።

ሱሪው መስቀያው ላይ ነው። ግራ እግሩን ጨርሻለሁ፤
ቀኙን ለፋሻው ሁለት ጣት አስፍቼ፣
በነጭ ክር ብቻ ሸልዬ ትቼዋለሁ፤
ሲስቡት የሚወጣ ክር።

ትናንት ማታ በሩን ከውስጥ ዘጋሁ፣
መስታወቱን ከግድግዳው አውርጄ መሬት ላይ አስተኛሁ፤
ስንት ዓመት ፔዳል የረገጥኩበትን ውስጥ እግሬን፣
ገና ትናንት፣ አየሁ።